ባዶ የተተዉት ቤቶች፦ ስለ ንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? እሺ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ።

በመጀመሪያ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መምህራን አላችሁ፣ ተማሪዎች አላችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆችም አላችሁ። ለሁላችሁም እንዲገባ አድርጌ ለመናገር እሞክራለሁ። ያልገባችሁ ነገር ካለ እጅ አውጡና አስቁሙኝ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ፔሪየዲክ ቴብል የምንለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ቢያንስ እስከ ሃያ ድረስ የሸመደዳችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ከግማሽ በላይ ናችሁ። እሺ፣ እጃችሁን እንዳታወርዱ። ሰንጠረዡ ለምን ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ መሀሉ ጎድጎድ እንዳለ፣ ከታች ያሉት ሁለት ረድፎችስ ለምን ተገንጥለው እንደተቀመጡ ያስረዷችሁ ብቻ እጃችሁን ያዙ። ሌሎቻችሁ አውርዱ። ... እንግዲህ አያችሁት።

እኔም ከእናንተ የተለየሁ አልነበርኩም። ተማሪ ሳለሁ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ተሰቅሎ ነበር። ከላይ በእንጨት ዘንግ የተያዘ፣ ቀኝ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች የተቀደደ። ኒዮን የምትባለው ቤት ግማሿ ብቻ ነበረች። ሃይድሮጂን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም እያልን እንደ ዜማ እናወርደዋለን። ካልሲየም ላይ ስንደርስ ያበቃል። ፈተናውን ደፈንኩት። ግን ሶዲየም ለምን ከሊቲየም ሥር እንደተቀመጠ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ማንም እንድጠይቅ አላደረገኝም።

ከዓመታት በኋላ ራሴ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ «መምህር፣ እዚህ ላይ ቴሉሪየም 127.6 ይላል፣ አዮዲን ደግሞ 126.9 ይላል። የሚከብደው ለምን ቀደመ?» አለችኝ። ቆምኩ። መልሱን አላውቀውም ነበር። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እመልስልሻለሁ» አልኳት፣ ሄጄም ማንበብ ጀመርኩ። ያ ንባብ እስከ ዛሬ አልቆመም። የዛሬውን ንግግር ያመጣው የእሷ ጥያቄ ነው፣ መልሱንም በኋላ እደርስበታለሁ።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ሰንጠረዡ ከመሠራቱ በፊት ምን ነበር? ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡን የሠራው ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ ከሌሎቹ የተለየ ምን አደረገ? ሦስተኛ፣ ሰንጠረዡ ያን ቅርጽ ከየት አመጣው?

አንደኛውን ልጀምር። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ እርሳስ፣ ባዜቃ፣ ድኝ፣ እንዲሁም ከሰል ውስጥ ያለው ካርቦን። እነዚህን የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል፣ ማን መጀመሪያ እንዳገኛቸው ግን የሚያውቅ የለም። አግኚው በስም የሚታወቀው የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ፎስፈረስ ነው። በ1669 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሄኒግ ብራንድ የሚባል የሐምቡርግ ሰው ከሽንት ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ሲያፈላ ሲያፈላ፣ በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ወርቅ ፈልጎ ብርሃን አገኘ።

በ1789 ፈረንሳዊው ላቮዝዬ ከዚህ በላይ ሊከፋፈሉ አይችሉም ያላቸውን ነገሮች ዘርዝሮ አወጣ። 33 ነበሩ። ዝርዝሩ ውስጥ ብርሃንና ሙቀትም አሉበት። ስሕተት ነው፣ ግን ትልቅ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ንጥረ ነገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድ መመዘኛ አስቀመጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ በአብዮቱ ጊዜ አንገቱን ተቀላ።

ከዚያ በኋላ ግኝቱ በላይ በላዩ ሆነ። በ1800 ቮልታ ባትሪ ሠራ። በ1807 ዴቪ በዚያ በባትሪ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን አወጣ። በዚህ ዓይነት ዝርዝሩ እየረዘመ ሄደ። ሥርዓት ግን የለም። ሃምሳ፣ ስድሳ ነገር ተደርድሮ አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው የማይታወቅ ከሆነ፣ እንዴት ነው የሚያስተምሩት? እንዴትስ ነው የሚማሩት?

የመጀመሪያው ፍንጭ ከጀርመናዊው ዶበራይነር መጣ። ይህን አብራችሁኝ አስሉ። የሊቲየም የአቶም ክብደት፣ ማለትም አንድ አቶሙ ከሃይድሮጂን አቶም ጋር ሲነጻጸር የሚመዝነው፣ 7 ነው። የፖታሲየም 39። ደምሩልኝ። 46። ለሁለት አካፍሉት። 23። የሶዲየም ክብደት ስንት ነው? 23! ሦስቱ ደግሞ በጠባይ ወንድማማቾች ናቸው። በቤተ ሙከራ ስንቴ እንዳየሁት ልነግራችሁ አልችልም። የሊቲየም ቁራጭ ውሃ ላይ ሲወድቅ ቀስ ብሎ ይፈላል። ሶዲየም ድቡልቡል ብሎ ይቀልጥና ውሃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ፖታሲየም ግን ውሃውን ገና እንደነካ ሐምራዊ ነበልባል ይዞ ይነሣል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጠባዩ ያው ሆኖ ኃይሉ ይጨምራል። ዶበራይነር እንዲህ ዓይነት ሦስት ሦስት ሆነው የሚሄዱ ጥቂት ቡድኖች አገኘ፣ ከዚያ በላይ ግን መሄድ አልቻለም።

ለምን? የአቶም ክብደት ላይ ስምምነት ስላልነበረ ነው። አንዱ ኬሚስት ኦክስጅንን 8 ይለዋል፣ ሌላው 16 ይለዋል። መሠረቱ እንዲህ እየተናጋ ምን ይገነባል? በመስከረም 1860 ጀርመን ውስጥ ካርልስሩኸ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተጠራ። ጣሊያናዊው ካኒዛሮ ተነሥቶ ክብደቶቹ እንዴት መታሰብ እንዳለባቸው አስረዳ። ጉባኤው ሲበተን ሐሳቡን የያዘች ትንሽ ጽሑፍ ታደለች። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ሎታር ማየር ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ከዓይኑ ላይ ቅርፊት የወደቀለት ያህል እንደተሰማው ጽፏል። እዚያው ጉባኤ ላይ አንድ የ26 ዓመት ሩሲያዊም ነበር። ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ።

ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ኒውላንድስ ሁለት ቃል። ይህ ሰው ሲነሣ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እንግሊዛዊ ነው። ንጥረ ነገሮችን በክብደት ሲደረድራቸው በየስምንተኛው ተመሳሳይ ጠባይ እንደሚመጣ አየ፣ ልክ እንደ ሙዚቃ ድምፆች። በ1866 ለንደን ላይ ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበው። አንዱ ተነሥቶ ምን አለው መሰላችሁ? በፊደል ተራስ ደርድረሃቸው አይተሃል ወይ አለው። የሳቁበት ነገር እውነት ነበረው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ሜዳሊያ ሰጥተው ክብሩን መለሱለት። ሆኖም የኒውላንድስ ሰንጠረዥ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሁሉም ቤት መሞላት አለበት ብሎ ስላሰበ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ንጥረ ነገር አንድ ቤት ውስጥ አጨናነቀ። ዘመድ ያልሆነውንም በግድ ዘመድ አደረገው። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። ሜንዴሌቭ።

መጀመሪያ ስለ እናቱ ልንገራችሁ። ያለ እሷ ይህ ታሪክ የለም። ሜንዴሌቭ በ1834 ሳይቤሪያ ውስጥ ቶቦልስክ ተወለደ፣ የብዙ ልጆች የመጨረሻው። አባቱ የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ልጁ በተወለደበት ዓመት ዓይናቸው ጠፋ። ማሪያ፣ እናቱ፣ የቤተሰቧን የመስታወት ፋብሪካ ማስተዳደር ያዘች። በ1847 አባትየው ሞቱ። በዓመቱ ፋብሪካው ተቃጠለ። በቃ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። ማሪያ ግን የቀሯትን ትንንሽ ልጆች ይዛ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዛ ሞስኮ ገባች። ዩኒቨርሲቲው ልጁን አልቀበልም አለ። ተስፋ አልቆረጠችም፣ ሴንት ፒተርስበርግ ወሰደችው። በ1850 የመምህራን ማሠልጠኛ ገባላት። በዚያው ዓመት ሞተች። ልጇ ገብቶ አየች፣ ሲመረቅ ግን አላየችም። ከ37 ዓመት በኋላ ታላቅ ሳይንቲስት ሆኖ አንድ የምርምር ሥራውን ለእሷ መታሰቢያ አደረገላት። እዚህ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው መምህር ሆነ። ሰንጠረዡን የሠራውም ለማስተማር ብሎ ነው! የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። የመጀመሪያው ቅጽ ሲያልቅ የተዳሰሱት ንጥረ ነገሮች ጥቂት ናቸው። በዚያን ጊዜ የሚታወቁት 63 ናቸው። የቀሩት ሁሉ ሁለተኛው ቅጽ ውስጥ መግባት አለባቸው። በምን ቅደም ተከተል? ያስጨነቀው ይህ ነበር። እኔ እንደ መምህር ይህ ጭንቀት በደንብ ይገባኛል፤ ትምህርቱን የሚያያይዝ ክር ሳይኖር አንዱን ርዕስ ከሌላው በኋላ መደርደር ተማሪውን ማድከም ነው።

በሩሲያ የድሮ አቆጣጠር የካቲት 17፣ በአዲሱ መጋቢት 1 ቀን 1869 ቁጭ ብሎ ንጥረ ነገሮቹን በክብደትና በጠባይ ደረደራቸው። በሕልሙ አይቶት ነው የሚባለውን ወሬ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እኔ ይህን ወሬ አልወደውም። በእጁ የሞነጫጨረው ወረቀት እስከ ዛሬ አለ፤ ሥርዝ ድልዝ የሞላበት ነው። ቁጥር ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ቦታ ይለውጣል፣ እንደገና ይጽፋል። ለልጆቻችን ማሳየት ያለብን ያንን ወረቀት ነው።

ታዲያ ከኒውላንድስ በምን ተለየ? ቦታ ባዶ ተወ። ዘመድ ያላገኘለትን ቤት በግድ አልሞላም። በ1869ኙ ሰንጠረዥ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ከጎኑ 45፣ 68፣ 70 ብሎ ክብደት የጻፈባቸው ቤቶች አሉ። እዚህ የሚቀመጥ ነገር አለ፣ እስካሁን አላገኘነውም ማለቱ ነው።

ይህ እንዴት ይቻላል? በፊደል ገበታ ላስረዳችሁ። የፊደል ገበታ እንዴት ነው የተሠራው? በአንድ ረድፍ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ። በሌላው ረድፍ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ። ረድፉ ተነባቢውን ይነግራችኋል፣ ዓምዱ አናባቢውን ይነግራችኋል። አሁን ገበታው ላይ «ቲ» የምትባለዋ ፊደል ተፍቃ ጠፋች እንበል። ድምፅዋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በደንብ ነዋ! ከጎኗ ቱ እና ታ አሉ፣ ከላይዋ ቢ አለች። ፊደሏን በሕይወቱ አይቷት የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፅዋን ሊያወጣው ይችላል። ሜንዴሌቭ ያደረገው ይህንን ነው። በ1871 ባዶ ቤቶቹን ከግራ ከቀኝ፣ ከላይ ከታች ካሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር አስተያይቶ፣ ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች ምን ያህል እንደሚመዝኑ፣ እፍጋታቸው፣ ማለትም በመጠናቸው ልክ ያላቸው ክብደት፣ ስንት እንደሆነ፣ ከኦክስጅን ጋር እንዴት እንደሚዋሐዱ ጽፎ አወጣ። ያላየውን ነገር! ማንም ያላየውን ነገር!

አራት ዓመት አለፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን አዲስ ብረት አገኘ፣ ጋሊየም አለው። ሜንዴሌቭ ከአልሙኒየም ሥር ባዶ የተወው ቤት ባለቤት ነው። ሌኮክ እፍጋቱን ለካው፤ 4.7 መጣ። ሜንዴሌቭ 5.9 ነበር ያለው። እዚህ ላይ ምን አደረገ? ናሙናህ ንጹሕ አይደለም፣ አጥርተህ ድገመው ብሎ ጻፈ። ብረቱን በዓይኑ አላየውም፣ በእጁ አልነካውም፣ ያገኘውን ሰው ግን ተሳስተሃል አለው። ሌኮክም አጥርቶ ለካው። 5.9።

ይኸውላችሁ፣ ጋሊየም ይዤ መጥቻለሁ። በዚህች ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለችው ናት። አሁን ጠጣር ናት፣ ስትነቀንቋት ኳ ኳ ትላለች። የምትቀልጠው 30 ዲግሪ ልትሞላ ትንሽ ሲቀራት ነው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሏት፣ እያንዳንዳችሁ ትንሽ በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ያዟት። ክዳኑን ብቻ አትክፈቱ፣ ልብስ ላይ ከተቀባች አመድማ ቀለም ትተዋለች።

በ1879 ሁለተኛው ባዶ ቤት ተሞላ፣ ስካንዲየም። በ1886 ሦስተኛው። ጀርመናዊው ቪንክለር ጀርማኒየምን አገኘ። ሜንዴሌቭ ክብደቱ 72፣ እፍጋቱ 5.5፣ ቀለሙ ግራጫ ይሆናል ብሎ ነበር። ቪንክለር ክብደቱን 72.3፣ እፍጋቱን 5.47 አገኘው። ቀለሙም ግራጫ። ከዚህ በኋላ ማን ይስቃል?

እውነቱን ሁሉ መናገር አለብኝ፤ ሜንዴሌቭ የተነበየው ሁሉ አልተገኘም። ከሃይድሮጂን የሚቀል ንጥረ ነገር አለ ብሎ ነበር፣ የለም። ብቻውንም አልነበረም። ቅድም ያነሣሁት ሎታር ማየር በጣም ተቀራራቢ ሰንጠረዥ ሠርቶ ነበር፤ በ1882 አንዱን ሜዳሊያ ለሁለቱ በጋራ ሰጥተዋቸዋል። የሚገባውም ይህ ነበር።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ እሄዳለሁ። ቅርጹ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ አንድ እንግዳ መጣ። ሬይሊ የሚባል እንግሊዛዊ ናይትሮጂንን ይመዝናል። ከአየር ያወጣው ናይትሮጂን ከኬሚካል ካወጣው ትንሽ ይከብዳል። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ ብቻ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሚዛኑ ነው ብላችሁ ታልፉት ነበር፣ አይደል? እሱ አላለፈውም። ከኬሚስቱ ራምሴ ጋር ሆነው ሲፈልጉ በ1894 አርጎንን አገኙ፣ ከምንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ። አሁን በምትተነፍሱት አየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የሚጠጋው አርጎን ነው። ለዚህ ጋዝ ሰንጠረዡ ላይ ቦታ አልነበረውም። ሜንዴሌቭ ራሱ መጀመሪያ ተጠራጠረ። በ1895 ራምሴ ሂሊየምን፣ በ1898 ኒዮንን፣ ክሪፕቶንንና ዜኖንን ሲያገኝ ግን ነገሩ ለየ፦ የጠፋው አንድ ቤት ሳይሆን ሙሉ ዓምድ ነበር። እሱን ቀኝ ጫፍ ላይ ሲጨምሩት ሰንጠረዡ ምንም አልተናጋም። የእኛ ክፍል ሰንጠረዥ የተቀደደው እዚያ ዓምድ ላይ ነበር እንግዲህ።

አሁን የተማሪዬ ጥያቄ። የሚከብደው ቴሉሪየም አዮዲንን ለምን ቀደመ? ሜንዴሌቭ አዮዲን በጠባዩ ከክሎሪንና ከብሮሚን ሥር መሆን እንዳለበት ስላወቀ ቦታቸውን ቀያየራቸው። የቴሉሪየም ክብደት በስሕተት ተለክቶ ይሆናል ብሎ ገመተ። ክብደቱ ግን አልተሳሳተም። መልሱ የመጣው በ1913 ነው። ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ ለካ። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ የኤክስሬዩ ሞገድ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት በእኩል እርምጃ እንደሚጨምር አየ፣ ልክ እንደ ደረጃ። ደረጃዎቹን የሚቆጥረው ምንድን ነው? አስኳሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል፣ ዛሬ የፕሮቶን ብዛት የምንለው። ቴሉሪየም 52 ፕሮቶን አለው፣ አዮዲን 53። በቃ! ተራው የክብደት ሳይሆን የፕሮቶን ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ባዶ ቤት እንደቀረ በትክክል መቁጠር ተቻለ። ከሃይድሮጂን እስከ ዩራኒየም ሰባት ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ የመጨረሻው፣ 61ኛው፣ በ1945 ተሞላ። ሞዝሊ አላየውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዘመተ፤ ነሐሴ 10 ቀን 1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ቅርጹን በአጭሩ ልጨርሰው። የአቶም ኤሌክትሮኖች እንደዚህ አዳራሽ ወንበር በረድፍ በረድፍ የተመደበላቸው ቦታ አላቸው። ንጥረ ነገሮቹን በተራ ስንደረድር ረድፎቹ የሚይዙት 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ነው። ደምሩት፣ 118 ይመጣል። ዛሬ የሚታወቁት ሁሉ ናቸው። ሁለት ብቻ ያለው ረድፍ ላይና 32 ያለው ረድፍ ታች አንድ ላይ ሲቀመጡ መሀሉ ከላይ ክፍት ይሆናል። ከታች ተገንጥለው የተቀመጡት ሁለቱ ረድፎች ደግሞ መሀል መግባት የሚገባቸው ናቸው፤ ገጹ በጣም እንዳይሰፋ ነው የወረዱት። ከሁለቱ የታችኛው ረድፍ እዚያ መሆን እንዳለበት ያመለከተው ግሌን ሲቦርግ ነው፣ በ1940ዎቹ። ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ለምን ወንድማማች እንደሆኑም እዚህ ላይ ይገለጣል፦ ሦስቱም በውጪኛው ረድፋቸው ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አላቸው፣ እሱንም ለመስጠት ይቸኩላሉ። ዶበራይነር 7፣ 23፣ 39 እያለ ሲደምር ይህን አያውቅም ነበር።

በኅዳር ወር 2016 አራት አዳዲስ ስሞች ጸድቀው ሰባተኛው ረድፍ ሞላ። 118ኛው ኦጋኔሶን ነው፣ ስሙ የተሰጠው በሕይወት ላለ ሳይንቲስት ለዩሪ ኦጋኔስያን። የተሠሩት አቶሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ከሰከንድ አንድ ሺኛ አይሞላም። 119ኛው ገና አልተገኘም። ሲገኝ ስምንተኛውን ረድፍ ይጀምራል፣ ቤቱም ከፍራንሲየም ሥር ነው፤ እዚያ ከሊቲየም፣ ከሶዲየም፣ ከፖታሲየም ጋር በአንድ ዓምድ።

ጠርሙሷ ተመልሳ መጣች? እስቲ አምጫት። ... እዩዋት፣ ስነቀንቃት ድምፅ የላትም። ቀልጣለች። እንደ መስታወት ታበራለች። ከኋላ ያላችሁ ካልታየቻችሁ ወደዚህ ቅረቡ፣ ጥያቄያችሁንም እዚሁ እቀበላለሁ።